ከእናቴ ጋር እራት፣ ከጀልባ ላይ

በፈረንጆቹ 2020 ሰመሩን፣ የእነሱን በጋ፣ በሙሉ የኖርኩት ጀልባ ላይ ነው፤ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ። ባሕሩ የት አለና እንዳትሉኝ፣ የለም። ጀልባዋ ፎረስት ፓርክ በሚባለው ሰፈራችን፣ በጎረቤቴ ግቢ፣ ትሬይለር ላይ የተቀመጠች አሮጌ ባለሸራ ነበረች። ምሰሶዋ ወርዶ በጀርባዋ ላይ ተጋድሟል። ከእኔ ኩሽና መስኮት እስከ እሷ ድረስ ሣርና አንድ ዛፍ ብቻ ነው ያለው። የሥራ ጓደኞቼ ሲሰሙ «ካፒቴን» ብለው ስም አወጡልኝ። ባሕር ከሌለው አገር መጥቶ፣ ባሕር በሌለው ስቴት ካፒቴን መሆን ለእኔ ብቻ የተሰጠ ዕድል ነው።

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። እናቴ አሜሪካ ከገባሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልታየኝ መጥታ፣ ልትመለስ ስትል ኮሮና ዓለሙን ዘጋው። አስም አለባት። እኔ የምሠራው ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው፤ አጠገቤ ካርቶን የሚጭነው ሰው ዛሬ ሳል ይጀምረዋል፣ በሳምንቱ ቦታው ባዶ ነው። ሥራ ባቆም ቤቱ ከእጄ ይወጣል፤ ባላቆም በሽታውን ይዤላት እገባለሁ። ያለን አንድ መኝታ ቤት ነው። ስንት ዓመት የጠበቅኳትን ሰው ደጃፍ ላይ ቆሜ «እማዬ፣ እዚያው ሁኚ፣ አትቅረቢኝ» ማለት እስከ ዛሬ አንጀቴን ያሳርረዋል።

ጎረቤቴ ብቻቸውን የሚኖሩ አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። ችግሬን ከበረንዳቸው ሆነው ሰሙና «ጀልባዋ ውስጥ ግባ፤ ለመታጠቢያ ቤት በእኔ ምድር ቤት በር ግባ» አሉኝ። ኪራይ አልፈለጉም። ከባለቤታቸው ጋር በካሪቢያን ደሴቶች መካከል ዓመታት የኖሩባት ጀልባ ናት፤ ሴትየዋ ከሞቱ ወዲህ እግራቸው አልረገጣትም። «እኛ ባሕር ላይ እንይዛት እንደነበረው አድርገህ ያዛት፣ ሌላ ምንም አልፈልግም» አሉ። እኔ መተኛት ብቻ መስሎኝ እሺ አልኩ። ምን አውቄ።

ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ሥራ ነው። መጀመሪያ የወለሉን ጣውላ አንሥቼ፣ ከሥር የተጠራቀመውን የዝናብ ውሃ በእጅ ፓምፕ አወጣለሁ። ቀጥሎ ፍራሹን ፀሐይ ማስመታት አለ፤ አለዚያ ወዲያው ሻጋታ ያበቅላል። ግድግዳውን በኮምጣጤ እወለውላለሁ። ከሥራ ስመለስ ደግሞ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ቫርኒሽ መቀባት፣ የሚያፈስሰውን የጣራ መስኮት በሲሊከን መድፈን ይጠብቀኛል። ደፈንኩት ብዬ ስኮራ፣ በሚቀጥለው ዝናብ ግንባሬ ላይ ይንጠባጠባል። ሽማግሌው ማስካቸውን አድርገው ከሩቅ «እንደ እንጨቱ አካሄድ ፍቅ እንጂ» እያሉ ያዙኛል።

ደግሞ ያወራሉ። እዚያ ደሴቶቹ ላይ ዕቃ በባሕር ውሃ አጥበው በአንድ ኩባያ ንጹሕ ውሃ ያለቃልቁ ነበር። ጨው ብሎኑን ሁሉ ይበላዋል። ባለቤታቸው የተቀደደ ሸራ ሲሰፉ፣ እሳቸው ሞተሩ ሥር ተጋድመው ቀኑ ይመሻል። «ስጠግን ሁልጊዜ እንዳማረርኩ ነበር፤ አሁን የሚናፍቀኝ እሱ ነው» አሉኝ አንድ ቀን፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው። ሐምሌ ላይ ጀልባዋ ውስጥ ስተኛ ላቤ ፍራሹን ያርሰዋል። የደሴቶቹ ሙቀት ደርሶልኛል፣ ባሕሩ ቀረ እንጂ፣ እላለሁ ለራሴ። የምለው ለራሴ ነው፣ ሌላ ማን አለ።

እናቴ ይሄን ኑሮ አልወደደችውም። አዲስ አበባ ላሉት እህቶቿ ስትደውል «ልጄን ፈረንጅ ጀልባ ላይ ሰቀለብኝ» ትላቸዋለች። ምግቤን በዕቃ አድርጋ ጀልባዋ ላይ የምወጣበት መሰላል ሥር አስቀምጣ ትመለሳለች፤ እኔ የምወርደው በሩን ስትዘጋ ነው። «አንቺስ በላሽ?» ስላት መልሷ «በልቻለሁ» ነው። አንድ ቅዳሜ አስቤዛ ገዝቼ ደጃፍ ላይ ሳስቀምጥ፣ በመስታወቱ ውስጥ ሆና «ያለፈው መች አለቀና፣ አታብዛ» አለችኝ። ቀና ብዬ አየኋት። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል። ስታበስል የከረመችው ለእኔ የምታስቀምጠውን ብቻ ነበር።

ጮህኩባት። ልታዪኝ መጥተሽ በረሃብ ልትሞቺብኝ ነው ወይ አልኳት። እሷ ድምፅዋን እንኳ ሳታነሣ «ብቻዬን እህል አይወርድልኝም» አለች። «በሕይወቴ ብቻዬን በልቼ አላውቅም፣ ምን ላድርግ።» በዚያ ሰመር እንደዚያን ቀን የፈራሁት ነገር የለም። አስሙ ያልገደላትን እናት እኔ ልገድላት ነው አልኩ።

ስለዚህ ዘዴ ፈለግኩ። ማታ ከሥራ ስመለስ የጀልባዋን የጎን መስኮት እከፍታለሁ፤ ጭንቅላት የማያሳልፍ ክብ ቀዳዳ ነው። ትንሿን የባትሪ መብራት እዚያው እሰቅላለሁ። እሷ ኩሽና መስኮት ላይ ሳህኗን ይዛ ትቀመጣለች። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገን እኩል እንጀምራለን። «አየሁህ፣ ትልቅ ጎረስክ» ትለኛለች። «ቀስ በል፣ ማን ያባርርሃል» ትለኛለች። እኔም እጇ ወደ አፏ ሲሄድ በዓይኔ አይቼ ነው የምተኛው። ከሰው ጋር የምቀመጥበት ሰዓት ይሄው ብቻ ነበር። አስቤዛውም ማለቅ ጀመረ።

ኦቨርታይም የሠራሁ ቀን ግን ከድካሙ የተነሣ እህል አይወርድልኝም። እንዳታዝን ብዬ ሳህኑን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጌ፣ እጄን እያመላለስኩ የበላሁ አስመስላለሁ። እንዲህ ባሉት ቀናት እሷም ዝም ትላለች። እጇ ግን ይሄዳል፣ ይመለሳል። እሷ ከበላች እኔ ምን ቸገረኝ ብዬ እተኛለሁ።

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ቲኬት ተገኘላት። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ ከማንም ሳልገናኝ ጀልባዋ ውስጥ ሰንብቼ፣ ቴስት አደረግኩ። ነጻ ነህ በተባልኩ ቀን መሰላሉን ስወርድ እሷ ሣሩን አቋርጣ እየመጣች ነበር። አቀፍኳት። አንገቴ ሥር አሸተተችኝና «ቀለም ቀለም ትላለህ» አለች። ከዚያ «እስቲ ቤትህን አሳየኝ» አለችኝ።

መሰላሉን ስትወጣ እያንዳንዱን እርከን በእጇ ዳስሳ ነው የምትረግጠው። እርጅና ነው ብዬ ከኋላ ደገፍኳት። ውስጥ ገብታ ሁሉን በጣቷ ነካካችው፤ አቧራ ፈልጋ አጣች። አልጋዬ ላይ ተቀምጣ «መስኮትህ የቱ ነው?» አለች። ጆሮዋ አጠገብ ነበር።

«ይሄው እማዬ። እዚህ ሆኜ ነበር ስትበዪ የማይሽ።»

«እኔስ መብራቷን ብቻ ነበር የማየው» አለች። «ዓይኔ ከደከመ ቆየ። ሞራ ነው ብለውኛል። ያንተ ጭንቀት ይብቃህ ብዬ ነው ያልነገርኩህ።»

«ታዲያ ትልቅ ጎረስክ፣ ቀስ በል የምትዪኝ?»

«ስታላምጥ በስልኩ እሰማሃለኋ። ድሮም ጮክ ብለህ ነው የምታላምጠው።» ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «ዝም ያልክ ቀን እኔም አልበላሁም።»

«እጅሽ ሲሄድ አይቻለሁ እኮ።»

«እንድታይ ነዋ» አለችኝ።

በሳምንቱ ሄደች። ሽማግሌውም በዓመቱ ጀልባዋን አስጎትተው ወደ ደቡብ ወሰዷት፤ አንድም ቦታ እንዳታፈስስ አድርጌ ነው ያስረከብኳቸው። እኔ ቤቴ ተመልሻለሁ፤ ኩሽናው መስኮት ላይ ግን አልቀመጥም።

የምሳ ሰዓቴ አዲስ አበባ እራት ነው። ዌርሃውሱ ደጅ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ እደውልላታለሁ። እሷ ከእህቶቿ ጋር ገበታ ቀርባ ስልኩን ሳህኗ አጠገብ ታስቀምጠዋለች። እኔ ዝም ስል እጇን እንደምትሰበስብ አክስቴ ነግራኛለች። ስለዚህ እህል የማይወርድልኝ ቀንም ጮክ ብዬ አላምጣለሁ።