ሮባ የጠበቀው ሳር

ዝናቡ አራት ወቅት ተከታትሎ ሳይዘንብ ሲቀር ሰዉ ሁሉ በእህቴ ባል ስም ይቀልድ ጀመር። ስሙ ሮባ ነው፣ በእኛ ቋንቋ ዝናብ ማለት። «አንተ ሰውዬ፣ ወይ ዝነብ ወይ ስምህን ቀይር!» ይሉታል። እሱ ከከሎው በር ንቅንቅ የለም።

ከሎው በእሾህ አጥረን ለክፉ ቀን ያቆየነው ግጦሽ ነው። ሮባ ይጠብቀው ብዬ የጠቆምኩት እኔው ነኝ፤ ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! ሽማግሌዎቹ ሳሩ ለጥጆች ብቻ ነው አሉ። ሮባም እሺ አለ፤ እሺ ካለ ደግሞ አለቀ፣ ድርቅ ያለ ሰው ነው።

ልጁ ዱባ ሲወለድ እንደ ወጋችን ለእትብቱ ብሎ አንዲት ጊደር ሰጥቶት ነበር። ከእሷ ዘር የቀረችው መጋል የምንላት ላም ብቻ ናት። ዱባ ሞያሌ ጭነት ያወርዳል። በደወለ ቁጥር ከሰላምታው ቀጥሎ «መጋልስ?» ነው የሚለው።

«ቆማለች» ይለዋል አባቱ።

አዎ፣ ቆማለች! በየማለዳው እኔ ጭራዋን፣ ሮባ ቀንዷን ይዘን፣ እህቴ ዳርሜ ሆዷ ስር ገብታ እየገፋች ነው የምናቆማት። አንድ ቀን ዳርሜ መረራት።

«አንድ እቅፍ ሳር ስጣት፣ ሮባ። አንድ እቅፍ ብቻ።»

«ጥጃ ናት?»

«የልጅህ እትብት ናት!»

«ለእሷ ከሰጠሁ ነገ የጎረቤታችንን የቦናያን ላም በምን አፌ እመልሳለሁ?»

«አንተ ሰው አይደለህም!» አልኩት። ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ አላዘንኩለትም። ዛሬ ያንገበግበኛል።

በመጨረሻ ዘነበ፤ ቀኑን ሙሉ ወረደ። የከሳ ከብት የመጀመሪያውን ዝናብ ብርድ አይችለውም። ስንደርስ መጋል ጭቃው ውስጥ ተዘርራለች። እኔ ጭራዋን ያዝኩ። ሮባ በቀንዷ እየሳበ «ተነሽ እንጂ እናቴ፣ ተነሽ በሞቴ» ይላታል። ቢስባት ቢስባት ወዴት!

«በቃ፣ ተዋት» አለችው ዳርሜ።

የሰው ጥጆች ተርፈዋል፣ ይህን አልክድም። ግን ከከሎው አንዱ ጥግ ሳይነካ ቀረ፤ ዝናቡ ከዘገየ ብሎ የቆጠበው ነው። መጋልን ወር ያበላት ነበር።

እዚያው እንደቆምን የሮባ ስልክ ጮኸ።

«አባ፣ ዘነበ አሉኝ! እልል በሉ እንጂ! መጋልስ?»

ሮባ አጥሩን አሻግሮ አየ።

«ሳሩ ተርፏል» አለው።

«ምን አልከኝ? አይሰማኝም።»

«ሳሩ፣ ልጄ። ሳሩ ተርፏል።»