ጡት የጣሉ የላንቴ ጥጆች

የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ በተቀጠርኩበት ዕለት አርባ ምንጭ ያለው ክሊኒካችን የደረስኩት ነጭ ጋዋኔን አስተኩሼ ነበር። ኃላፊዬ ዶክተር ሰናይት ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ "ጋዋኑን ስቀለው። ቦቲ አድርግና ና፤ ላንቴ ቀበሌ ጥጃ ታማለች" አሉኝ። በሞተር ሳይክላቸው ተፈናጥጠን ሄድን።

የጥጃዋ ባለቤት ወይዘሮ ማርታ ሙዝ ያለማሉ፤ ጥቂት ላሞችም አሏቸው። ጥጃዋ ጡት ከጣለች ወዲህ ተቅማጥ ይዟት በረት ውስጥ ተኝታለች። ዶክተር ሙቀቷን ለኩ፤ የአንገቷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገው ለቀቁት። ቆዳው ቶሎ አልተመለሰም።

"ሰውነቷ ውኃ አልቆበታል" አሉኝ። ጨውና ስኳር በንጹሕ ውኃ በጥብጠን በጠርሙስ ቀስ እያልን አጠጣናት። መርፌም ወጋናት።

"ጡት ባስጣልኩ ቁጥር እንዲህ ነው" አሉ ወይዘሮ ማርታ። "ትወጓቸዋላችሁ፣ ይሻላቸዋል፣ ደግሞ ይመለስባቸዋል። ላሞቹን ሸጬ ሙዝ ብቻ ልተክል ነው።"

ጥጃዋ ተረፈች። ዶክተርን ግን ነገሩ ከነከናቸው። "ወተቱ ድንገት ሲቀርባቸው አንጀታቸው መኖውን ገና አልለመደም" ይሉኝ ነበር። "ያን ጊዜ የሚያግዘው ነገር ይፈልጋል።"

ከአንድ ሥልጠና ሲመለሱ በትንሽ ከረጢት የባሕር አረም ዱቄት ይዘው መጡ። ወይዘሮ ማርታ ቆንጠር አድርገው አሸተቱት።

"ከአባያ ሐይቅ የወጣ ነው?"

"አይደለም። ከጨው ባሕር ነው። ሌላ አገር ጡት ለሚጥሉ እንስሳት አንጀታቸውን እንዲረዳ ይሰጡታል።"

"ታዲያ ይቺ ከረጢት ያለቀች ጊዜስ?"

ዶክተር ሳቁ። "እሱን ነው እኔም የማስበው። ከዚሁ የምናገኘው ሀሌኮ አለን" አሉ። ሌላው ሰው ሽፈራው የሚለው ዛፍ ነው። ቅጠሉን ጥላ ላይ አድርቀን፣ ወቅጠን፣ ከፉርሽካ ጋር ቀላቀልነው።

የወይዘሮ ማርታንና የጎረቤቶቻቸውን ጥጆች ሁለት ቦታ ከፈልን። ግማሾቹ ፉርሽካ ብቻ፣ ግማሾቹ ቅጠል የተቀላቀለበትን ይበላሉ። የሁሉም ወተት የሚቀነሰው በጥቂት በጥቂቱ ነው። ዶክተር እየተመላለሱ እበቱን ይመረምራሉ፤ ያሸቱታል፣ በጓንት አሸት አድርገው ያያሉ። እኔም እበት ማንበብ የተማርኩት ከእሳቸው ነው።

ሙከራው መሃል ላይ ሲደርስ ቅጠል ከማይበሉት አንዷን ክፉኛ አስቀመጣት። ወይዘሮ ማርታ የሚሳሱላት፣ የምርጧ ላማቸው ልጅ ነበረች።

"ዶክተር፣ ለዚችም ቅጠሉን ልስጣት?" አሉ።

ቅጠሉን ከበላች ማወዳደሩ ስለሚበላሽ፣ እኔ ልፋታችን ሁሉ ከንቱ ሲቀር ታየኝ። ዶክተር ግን መድኃኒት ሳጥናቸውን ከፍተው ነበር።

"ይስጧት። እኔም እወጋታለሁ። የኔ ሙከራ ይበላሽ እንጂ የእርስዎ ጥጃ አትሙት።"

ጥጃዋ ዳነች። ወሬው የመሥሪያ ቤታችን አለቃ ዘንድ ደረሰና ዶክተርን አስጠሩ። እኔም አብሬ ገባሁ።

"ሀሌኮ ተቅማጥ አዳነ ብለን ለአርሶ አደሩ እናሳውቅ እንጂ!" አሉ አለቃው ደስ ብሏቸው።

"ጥጃዋ ቅጠልም መርፌም አግኝታለች፤ ጨውና ስኳርም አጠጥተናታል" አሉ ዶክተር። "የቱ እንዳዳናት አላውቅም።"

"ብንናገር ማን ይጎዳል?"

"ሰው ቅጠሉን አምኖ የታመመ ጥጃ ሳያሳክም ይቀራል።"

አለቃው "በሉ ድገሙት" አሉ።

ሌሎች ጥጆች ጡት እስኪጥሉ ጠብቀን ደገምነው። ቅጠል ከበሉት ውስጥ ያስቀመጣቸው ካልበሉት ያነሱ ሆኑ። ያን ዕለት የዶክተርን ፊት ማየት ነበር! ሆኖም ላንቴ ለተሰበሰቡት አርቢዎች የተናገሩት አጭር ነው፦ "ሀሌኮ ጥሩ መኖ ነው። መድኃኒት አይደለም። ወተቱን ቀስ እያላችሁ ቀንሱ፤ ጥጃው ከታመመ ጥሩን።"

ወይዘሮ ማርታ ላሞቻቸውን አልሸጡም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ኃላፊዎች አየሁ፤ እንደ ዶክተር ሰናይት ያለ ግን አልገጠመኝም። አዲስ ረዳት ሲመደብልኝ የምነግረው ከእሳቸው የተማርኩትን ነው፦ የታመመውን እንስሳ አስቀድም። ሙከራ ይደገማል።