የቴምር ድብስ ልጅ

ባሌ ያልከለከለኝ ነገር አልነበረም። ጎረቤት መጠየቅ፣ ስልክ ማንሳት፣ ብቻዬን ሱቅ መውረድ ሁሉ እሱ ቤት ሐራም ነበር። ዑምራ መሄድን ግን መከልከል አቃተው። ጅዳ ወደብ መጋዘን ውስጥ አብረውት የሚሠሩት የወሎ ልጆች “ሚስቱን ከካዕባ የሚያግድ” እንዳይሉት ይፈራ ነበር፤ አላህን እንዲያ ቢፈራ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። አንድ ጠዋት የጎኔ ሕመም ሳይለቀኝ “ዑምራ አድርጌ ልመለስ” አልኩት። ፈቀደ። ዑምራውን አደረግሁ፤ መመለሱን እስከ ዛሬ አላደረግሁትም።

የጅዳና የመካ መንገድ በሹመይሲ በኩል ያልፋል። ወረቀት የሌለው ሰው ወደ አገሩ እስኪባረር የሚታጎርበት ግቢ እዚያ ነው። ባሌ በተቆጣ ቁጥር “የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ ኢቃማሽ፣ በእኔ ስም ነው፣ አንድ ቃል ብናገር ሹመይሲ ነሽ” ይለኝ ስለነበር፣ አውቶቡሱ ሲደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ። ዛሬ በዚያ ሳልፍ አልጨፍንም።

ዑምራዬን ጨርሼ በካዕባው መስጊድ፣ ሐረም ውስጥ፣ ሴቶቹ መሐል ተቀመጥኩና ዱዓ ያዝኩ። የማውቀው ዐረብኛ ሲያልቅብኝ በአማርኛ ቀጠልኩ። ድምፄ መሰማቱን ያወቅሁት አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት ዘወር ብለው “የማን ልጅ ነሽ?” ሲሉኝ ነው። በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ለሐጅ መጥተው እዚያው የቀሩ የወሎ ሴት ነበሩ። እናትና አባቴ ሞተውብኛል፣ እህት ወንድም የለኝም፤ “የማንም” አልኳቸው።

“የማንም የሚባል ልጅ የለም። ተነሺ” አሉኝና መካ ኩዳይ ሰፈር ወደሚገኘው ቤታቸው ወሰዱኝ። ፊቴ ላይ ያለውን እያዩ ምንም አልጠየቁኝም። መጀመሪያ አበሉኝ፣ ጎኔን በሙቅ ፎጣ ያዙልኝ፣ አስተኙኝ። ስነቃ ነው የጠየቁኝ።

ባሌ ያለሁበትን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም፤ የሐበሻ ወሬ ከአውቶቡስ ይፈጥናል። ራሱ ቤት ድረስ አልወጣም፣ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌ ሲባል ደስ የሚለው ሰው አለ፤ እኔ ግን በሩን መቀርቀር ያምረኛል። ጅዳም ሽማግሌ ገብቶልኝ ነበር። “ትዳር ነው፣ ቻይው” ተብዬ፣ እርቁ በፋቲሃ ተዘግቶ፣ ወደዚያው ቤት ተመልሻለሁ። ያኔ የመሩት ጢማቸውን ሒና የሚቀቡ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሼኽ ነበሩ። “ቤተሰብ የላትም። ከባሏ ወጥታ የማን ቤት ልትቀመጥ ነው?” ያሉት እሳቸው ናቸው።

አሮጊቷ በመስኮት ሲያዩ እኚያው ሼኽ ከሁለት ሰዎች ጋር ከመኪና ይወርዳሉ። እጄን ይዘው ወደ ወጥ ቤት ጎተቱኝ። ወሎ ያደገ ሰው ደንቡን ያውቀዋል፦ ዘመድ የሌለው ሰው ማር የተቀባ አውራ ጣት ከጠባ ለዚያ ቤት የጡት ልጅ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ እሱን የነካ ያን ቤት ነካ ማለት ነው። እናም የማሩን ዕቃ ከፈቱ፤ ባዶ ነው። ምራታቸው ለሳል ጨርሳዋለች። ምራታቸውን በሚገባት ቋንቋ ከሰደቧት በኋላ ቁም ሳጥኑን አተራመሱና ያገኙት የቴምር ድብስ ነው፤ ከቴምር የሚወጣው ጥቁሩ፣ ወፍራሙ ፈሳሽ። አውራ ጣታቸውን ነከሩና አፌ ላይ አመጡት።

“ጥቢ።”

ትልቅ ሴት ነኝ፣ አፈርኩ።

“ኋላ ታፍሪያለሽ። አሁን ጥቢ።”

ጠባሁ። በሩ ተንኳኳ።

እንግዶቹ ተቀመጡ፣ ሻይ ቀረበ። ሼኹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ሐጃ፣ ልጅቷን ስላሳደሩ አላህ ይስጥልን። ባሏ ታች መኪና ውስጥ ነው። ልናስታርቃቸው ነው የመጣነው።”

“ልጅቷ አይደለችም፣ ልጄ ናት” አሉ አሮጊቷ። “የጡት ልጄ።”

“ከመቼ ወዲህ?”

“ከዛሬ።”

“በማር?”

በዚያ ምድር ላይ ተቀምጠው መዋሸት አልሆነላቸውም። “በድብስ” አሉ።

ሁለቱ ሰዎች ሳቁ። አንደኛው “ሐጃ፣ ደንቡ እኮ ማር ነው፤ በድብስ ሲደረግ አልሰማንም” አለ። ሌላው ሸሪዓው ከነጭራሹ እንዲህ ያለ ልጅነት አያውቅም ብሎ ቀጠለ። እውነቱን ነው። ኸላስ፣ አለቀልኝ አልኩ በልቤ።

ሼኹ አልሳቁም። እኔን ነበር የሚያዩት። ጅዳ ሲያስታርቁኝ ባሌ ኒቃብ አልብሶ ነበር ያቀረበኝ፤ ያን ቀን ግን ፊቴ ከነእብጠቱ ተገልጧል፣ ከንፈሬ ላይም ድብሱ አልደረቀም። ከዚያ ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ።

“አራስ ልጅ ሲወለድ አፉ ላይ መጀመሪያ የሚደረግለት ምንድን ነው?”

“ቴምር” አለ የሳቀው ሰውዬ። “ሱናው ነው።”

“እንግዲያው ዛሬ ተወልዳለች። ለውርስ አይደለም፣ ጋብቻ ለሚከለክለው ማሕረምነትም አይደለም፣ እሱን ሸሪዓው ያውቃል። እናት ያላትን ሴት ግን እናቷ ሳትፈቅድ ይዤ አልወጣም።” ወደ አሮጊቷ ዞሩ። “ይፈቅዳሉ?”

“አልፈቅድም” አሉ እናቴ።

ሻያቸውን ጨርሰው ወረዱ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነበር ብል እዋሻለሁ። ፍርድ ቤት በተመላለስኩ ቁጥር እናቴ በዚያ በሚያማቸው እግር አብረውኝ ተመላልሰዋል፤ ዳኛው ፊት ዐረብኛዬ ሲጠፋብኝ እሳቸው ያገኙልኝ ነበር። ፍቺዬን ይዤ ወጣሁ። እዚያው ተወልዶ ዜግነት ያገኘው ታላቅ ልጃቸው የመኖሪያ ፈቃዴ ዋስ፣ ከፊሌ፣ ሆነ። ወረቀቱ ላይ የቤት ሠራተኛው ነኝ፤ ቤት ውስጥ ግን የምቆጣው እኔ ነኝ፣ ቁጣውን የሚሰማው እሱ።

ሥራዬን ሳምቡሳ አደረግሁ። ባሌ የሰበረው የቀኝ አውራ ጣቴ ጠማማ ሆኖ ስለተገጠመ ሳምቡሳውን አጥፌ ስዘጋው ጫፉ ይጣመምብኛል። ሳስተካክል ብውል አይስተካከልም። መጀመሪያ አለቀስኩ፣ ኋላ ተውኩት። አሁን በረመዳን የኩዳይ ሰው ልጁን ሲልክ “ጫፉ የዞረውን አምጣ” ብሎ ነው። እንደኔው ከዱላ ያመለጡ ሴቶች አብረውኝ ይሠራሉ፤ አውራ ጣታቸው ደህና ሆኖ ሳለ እነሱም ጫፉን ያዞሩታል፣ ካልዞረ አይሸጥማ። እኮራለሁ። ሴት ስትኮራ “አልሐምዱሊላህ በይ” ይሏታል። ብያለሁ፤ ብዬም እኮራለሁ።

በቀደም ከዐስር ሰላት በኋላ የቤቴ በር ተንኳኳ። ሼኹ ናቸው። ምርኩዝ ይዘዋል፣ ጢማቸውም ሒናው ለቆታል። ከኋላቸው አንዲት ወጣት ሴት ቆማለች፤ ኒቃቧን ይዛ እንዳትለቀው ትጠነቀቃለች። ምን እንደሸፈነች መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሼኹ በእጃቸው የያዙትን ፌስታል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። የድብስ ጠርሙስ ነው።

“ሼኽ፣ ማር እኮ ታች ሱቁ ሞልቷል” አልኳቸው።

“አውቃለሁ” አሉ። “ይኸኛው ሥራውን ሲሠራ አይቻለሁ።”

ልጅቷን አስገብቼ አስቀመጥኳትና “የማን ልጅ ነሽ?” አልኳት። አቀረቀረች። ጠርሙሱን ከፍቼ ጠማማውን አውራ ጣቴን ነከርኩ።

“ጥቢ” አልኳት።