ለአሰልጣኙ የተላኩት ሽማግሌዎች

አዲስ አሰልጣኝ ሲመጣ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል ይባላል። ውሸት ነው። ከዜሮ የሚጀምሩት ቀድሞ የነበሩት ብቻ ናቸው።

ልጄ ሳን ሆዜ አጠገብ ባለ ኮሌጅ የአሜሪካ ፉትቦል ይጫወታል። ሥራው አንድ ነው፤ ኳሷን በሁለቱ ምሰሶዎች መሃል ለግቶ ማሳለፍ። አዲሱ አሰልጣኝ ከቀድሞ ኮሌጁ የራሱን ለጊ ይዞ መጣና ልጄ የመጨረሻ ዓመቱን ወንበር ላይ ጀመረ። በአምስት ጨዋታ አንዴም ሜዳ አልረገጠም። ቤት ሲመጣ በልቶ ይነሣል፤ ስለ ኳስ የጠየቀው ሰው ወዮለት።

ሽማግሌ መላክን ዕድሜ ልኬን ስተች ኖሬያለሁ፤ ጽፌበታለሁም። በስድስተኛው ሳምንት ሁለት ሽማግሌ ላክሁ። አንዱ በንጉሡ ዘመን በተማሪነታቸው ሰልፍ ይመሩ የነበሩ ጡረተኛ ፕሮፌሰር፣ ሌላው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ። ከረባታቸውን አስረው ከልምምድ በፊት አሰልጣኙ ቢሮ ገቡ። እኔ መኪና ውስጥ ጠበቅሁ።

"ምን አለ፣ ጋሼ?" አልኳቸው ፕሮፌሰሩን ሲመለሱ።

"ጨዋ ሰው ነው፣ ተነሥቶ ተቀበለን። 'ልጃችንን ይቅር ይበሉልን' አልነው።"

"እሺ?"

"'ምን አጠፋ?' አለን።"

"እናንተስ?"

ፕሮፌሰሩ የመኪናውን ቀበቶ አሰሩ። "እኛም አንተን ልንጠይቅህ ነው። ምን አጠፋ?"

"እኔማ ጸለይሁለት" አሉ ሌላው ከኋላ።

ምንም አላጠፋም። ይቅርታ የሚለመነው ለበደለ ነው፤ ልጄን በዳይ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ልምምድ ሲያልቅ ልጄ ደወለ። "ዳድ፣ ኮች ምን እንዳጠፋሁ ጠየቀኝ። ዋት ዲድ ዩ ዱ? ምን አደረግህ?"

ቅዳሜ፣ በሁለት ነጥብ እየተመራን ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ፣ አሰልጣኙ ወደ ወንበሩ ዞሮ የልጄን ቁጥር ጠራ። "ይኸው ልመናችንን ሰማ!" አሉ አጠገቤ የቆሙት ፕሮፌሰር። ልጄ ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ቆጠረ። ለጋ። ገባች፤ ሦስት ነጥብ፣ አሸነፍን።

ጓደኞቹ ተሸክመው አዞሩት። እኛ የቆምንበት አጥር ጋ ሲደርስ ግን የራስ ቁሩን እንኳ አላወለቀም።

"ያስገባኝ ስለምችል ነው ወይስ ስለ ሽማግሌዎቹ?" አለኝ በእንግሊዝኛ።

"አላውቅም። ጠይቀው።"

"አንተ ግን እንዳትጠይቅልኝ።"

የቀሩትን ጨዋታዎች ሁሉ እሱ ለጋ። አሰልጣኙን ግን አልጠየቀም። ኳሷ በገባች ቁጥር መጀመሪያ የሚያየው የአሰልጣኙን ፊት ነው።

ልጅዎ ወንበር ላይ ከተቀመጠ፣ እርስዎም የተመልካች ወንበር ላይ ይቀመጡ። ሽማግሌ አይላኩ።