ለልጄ ያካፈልሁት ኪኒን

መጀመሪያ የታመምሁት እኔ ነኝ። ገንዳ ውሃ ከተማ አጠገብ ባለው ማሳችን ሰሊጥ በሚታጨድበት ሰሞን፣ ጧት ስነሳ ጣቶቼ ማጭድ አልጨብጥ አሉ። ፀሐይ ከፍ ስትል ይፍታታሉ፤ በማግስቱ ደግሞ ያው ነው። ባለቤቴ ወባ ነው አለ፣ ጎረቤቶች ቁርጥማት ነው አሉ። ጎንደር ሄጄ ደሜ ሲመረመር ሐኪሟ፣ «የሰውነትዎ ዘበኞች ናቸው፤ ጠላት ሳይመጣ መጣ እየተባባሉ የራስዎን መገጣጠሚያ ይወጋሉ» አለችኝ። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጥ ኪኒን አዘዘችልኝ። ከወራት በኋላ እጄ ተመለሰልኝ።

ልጄ ስድስት ዓመት እንደሞላት፣ አንድ ጧት ከመደብ ወርዳ እያነከሰች ወደ በሩ ሄደች። ወድቀሽ ነው ወይ አልኋት።

«አልወደቅሁም እማ። ጉልበቴ አልነቃም።»

ስዳስሰው አብጧል፣ ይሞቃል። ወዲያው ያወቅሁት መሰለኝ፤ ከኔ የወረሰችው ነው አልሁ። ያን ጊዜ የጎንደር መንገድ ተዘግቶ ነበር። ጤና ጣቢያ ማስታገሻ ሰጥተው፣ «መንገዱ እንደተከፈተ ውሰጃት» አሉኝ። እኔ ግን የራሴን ኪኒን በምላጭ ለሁለት ሰንጥቄ ግማሹን በማር አጎረስኋት። በየሳምንቱ እንዲሁ አደረግሁ። ለባለቤቴ እንኳ አልነገርሁትም።

እብጠቱ ጎደለላት። ከእኩዮቿ ጋር መሯሯጥ ጀመረች፤ እኔም አዳንኋት ብዬ ደስ አለኝ። ግማሽ ኪኒን አልበቃ ብሎኝ ጣቶቼ እንደገና ሲያብጡም ቻልሁት። መንገዱ ሲከፈት እንኳ አጨዳው ይለቅ ብዬ ቆየሁ።

አንድ ቀን ማሳው ላይ ስትሮጥ ከቆመ የሰሊጥ ነዶ ጋር ተላትማ ወደቀች።

«አይታይሽም እንዴ?» ብዬ ጮህሁባት።

«በዚህኛው ጭጋግ ነው» አለችና ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና በግራዋ አየችኝ።

በማግስቱ ከባለቤቴ ጋር ይዘናት ጎንደር ገባን። ሐኪሟ ዓይኗን ካስመረመረች በኋላ ለብቻዬ አስቀመጠችኝ።

«የእርስዎና የልጅዎ በሽታ አንድ አይደለም» አለችኝ። «ሁለታችሁም ጋ ዘበኞቹ የሐሰት መልእክት ይላላካሉ፤ መልእክቱም የሚደርስበትም ቦታ ግን ይለያያል። በእርስዎ ደም ያገኘነው ምልክት በእሷ ደም የለም። የልጆቹ በሽታ ዓይን ውስጥም ይገባል። አያምም፣ አይቀላም። ጉልበቷ እንዳበጠ ዓይኗም መታየት ነበረበት።»

«ኪኒኔን ሳካፍላት ነበር፤ እሱ ነው ያጠፋት?»

«አይደለም። እኛም ያንኑ ልንሰጣት እንችል ነበር፤ ግን በክብደቷ ለክተን፣ ደሟን እየመረመርን። የጎዳት መዘግየቱ ነው።»

ለባለቤቴ የነገርሁት መናኸሪያ ቆመን አውቶብስ ስንጠብቅ ነው። ይቆጣል ብዬ ነበር። ልጃችንን እንደታቀፈ ጣቶቼን አየና፣ «እጅሽ ተመልሶ ሲያብጥ እያየሁ እኔስ ለምን አልጠየቅሁሽ?» አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ግራ ዓይኗ አልተመለሰም። ቀኙን በጠብታና በመርፌ ይዘውልናል። ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍል ገብታለች። ስትጠይቀኝ ሁሉን እነግራታለሁ ብያለሁ፤ እስካሁን አልጠየቀችኝም።