ቀጭኑን ድምፅ የወሰደችብኝ እህቴ

ልጅ ሳለሁ ደባርቅ ቤታችን ውስጥ ማታ ማታ እየመጡ የሚያጫውቱን አጎታችን ጋሼ ሞላ ነበሩ። የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ እኔና ታናሽ እህቴ ብርቱካን በኩራዙ ብርሃን አፍ አፋቸውን እያየን እናዳምጣለን። ወሬያቸው ሁሉ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ስለሚያዜሙበት የአራት ሰዎች ቡድን ነበር። በንግሥ ቀን መዝሙር፣ በሠርግ የባላገር ዘፈን ያዜማሉ። በበቅሎ ጃናሞራ፣ በጭነት መኪና አዲ አርቃይ ወርደዋል፤ አንዴማ የሠርግ ዳስ በዝናብ ተደርምሶባቸው ከሥሩ ሆነው ዜማውን ጨርሰዋል። ጋሼ ሞላ ወፍራሙን ድምፅ ይይዛሉ፤ ሌሎቹ በላዩ ይወጣሉ፤ መጨረሻ ላይ አራቱም ይገጥማሉ። ያኔ ከዚያ ቡድን የሚበልጥ ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

አንድ ክረምት ቀጭኑን ድምፅ የምትይዘው ሴት ባሏን ተከትላ ጎንደር ገባች። ጋሼ ሞላ እኔንና ብርቱካንን በየተራ አስዜሙን። ግጥሙን ሁሉ በቃሌ የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ የመረጡት ግን እሷን ነው።

«ያንቺም ደግ ድምፅ ነው፤ የሷ ግን ከኛ ጋር ይገጥማል» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ብርቱካን ስታንጎራጉር በሰማሁ ቁጥር ተነሥቼ እወጣ ጀመር። የተሰፋላትን ጥልፍ ቀሚስ እንኳ ማየት አቃተኝ።

አዲ አርቃይ ለሠርግ ሲጠሩ፣ ጋሼ ሞላ መኪናው ዓርብ ጠዋት እንደሚነሣ ለእህቴ እንድነግር ላኩኝ። እኔ ቅዳሜ ነው አልኳት። ዓርብ ዕለት መናኸሪያ ጠብቀው ጠብቀው ሲያጧት ሦስት ሆነው ሄዱ።

እሑድ ማታ ሲመለሱ ብርቱካን ቅዳሜ መባሏን እያለቀሰች ነገረቻቸው። ጋሼ ሞላ ወደ እኔ አላዩም። ፍሙን ቆስቁሰው፣ ሰምተነው የማናውቀውን ታሪክ ጀመሩ። በወጣትነታቸው የቡድኑ መሪ ዘውዱ የሚባል ሰው ነበር፤ ሕዝቡ የሚያደንቀው እሱን ብቻ ነበር። አንድ የጥምቀት ዕለት ጋሼ ሞላ በቅናት ተነሣሥተው፣ ዘውዱ ዜማውን ከፍ ባደረገበት ቦታ ሆን ብለው ዝም አሉ። ከሥር የሚደግፈው ያጣ ድምፁ በሰው ፊት ተሰበረ። ዘውዱ ጉንፋን ይዞኝ ነው ብሎ ጭራሽ እሳቸውን ይቅርታ ጠየቃቸው፤ እንዳመናቸውም ሞተ።

«ጥፋቱ የኔ ነው ለማለት ስንት ዓመት ነበረኝ» አሉ ጋሼ ሞላ። «የነገርኩት መቃብሩ ላይ ነው።»

«ዓርብ ነበር፤ ዋሽቼሽ ነው» አልኳት እህቴን። ተነሥታ ወጣች፤ ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም።

ጋሼ ሞላ ካረፉ ቆይተዋል። ቡድኑ ግን ዛሬም አለ፤ ወፍራሙን ድምፅ ልጃቸው ይዞታል፣ የምትመራቸውም ብርቱካን ናት። ወጣቶቹ ስልካቸውን ከፍ አድርገው ሲቀርጿት እኔ ከሕዝቡ መሀል ቆሜ ግጥሙን በከንፈሬ እከተላለሁ። ቅናቱ ጠፋልኝ ብል ውሸት ይሆናል፤ ከዚያ ምሽት የቀረልኝ ነገር ቢኖር ቅናቱን በሆዴ ደብቄ አለማሳደሬ ነው። ባለፈው ንግሥ፣ ሕዝቡ ሲበተን ጠብቄ «ዛሬም ቀናሁብሽ» አልኳት።

«አውቃለሁ፤ ከሩቅ ያስታውቅብሻል» አለችና ክንዴን ይዛ ወደ ቤቷ ወሰደችኝ።