ዱሬቲን ለልጄ

የአዳማዋ ጨርቅ ነጋዴ ዘርፉ የቅድመ አያቷን የሆራን ዘመዶች ፍለጋ ቡልቡላ ብትመላለስም፣ የጠየቀችው ሁሉ «አላውቅም» ይላታል። መሬት ልትካፈል የመጣች መስሏቸው እንደሆነ ገብቷታል። ዘርፉ ደግሞ በዋዛ የምትመለስ ሴት አይደለችም። ዘንድሮ ሽማግሌ አስከትላ የአዛውንቱ የኦቦ ያደታ ቤት ገባች።

«አባባ፣ የልጅ ልጅዎን ዱሬቲን ለልጄ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«መጀመሪያ ዝምድና እንዳይኖር እንይ፤ እስቲ ዘርሽን ቁጠሪ» አሏት።

አባቷን፣ አያቷን ጠርታ ሆራ ላይ ስትደርስ ኦቦ ያደታ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«በፍጹም አይሆንም! ሆራ የአያቴ ወንድም ነው። ልጆቹ እኮ እህትና ወንድም ናቸው!»

ዘርፉ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

«የምድረው ልጅ እንኳ የለኝም፣ አባባ። የመጣሁት እርስዎን ፍለጋ ነው።»